የፒኤችፒ ኤክስቴንሽን ስንጭንና ስናበራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ አለች። እንግዶቿ ክፍል የሚይዙትም፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚወስዳቸውን ጀልባ የሚያስይዙትም በድረ ገጿ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቷ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ገጹ ነጭ ወረቀት ሆነ። ሌሊት መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ አንድ ፊደል እንኳ አያሳይም» አሉኝ። «እትዬ፣ ሰሞኑን ማሽኑን የነካ ሰው አለ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ኧረ ማንም አልነካውም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሰሞኑን ማንም አልነካውም። የተነካው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር።

በማረፊያዋ ጓዳ የተቀመጠው ሰርቨር የሚሠራው በኡቡንቱ 24.04 ነው። ገጾቹን የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ሲሆን፣ ገጾቹ የተጻፉበት ቋንቋ፣ ፒኤችፒ 8.3፣ ደግሞ ኤፍፒኤም በሚባል አገልግሎት በኩል ከጀርባ ይሠራል። ያኔ አንድ ወጣት ባለሙያ የስህተት መዝገቡን ሲያነብ «ኤምቢስትሪንግ አስቀድሞ ተጭኗል» የሚል ማስጠንቀቂያ አገኘ። ኤክስቴንሽን ፒኤችፒ ላይ ተጨማሪ ችሎታ የሚጨምር ክፍል ነው፤ ኤምቢስትሪንግም እንደ አማርኛ ያለውን ጽሑፍ በባይት ሳይሆን በፊደል የሚቆጥርና የሚቆርጥ ኤክስቴንሽን ነው። ማስጠንቀቂያው ልክ ነበር፤ ኤክስቴንሽኑን የሚጠራው መስመር በዋናው የቅንብር ፋይል፣ በፒኤችፒ.ኢኒ ውስጥም፣ ኮንፍ.ዲ በሚባለው ፎልደር ውስጥም ተጽፎ ነበር። በእጅ የተጨመረውን አንዱን ማጥፋት ይበቃ ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም አጠፋና ገጹን ከፍቶ አየ። ይሠራል። ሥራው አልቋል ብሎ ሄደ።

በዚያች ጠዋት ያየኋቸው ስህተቶች በዚህ ከተማ ድረ ገጽ ከሚሠሩ ወጣቶች ዘንድ በየጊዜው የማገኛቸው ናቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ቦታ ይመነጫሉ፤ ፒኤችፒ የምንለው ነገር በማሽኑ ላይ አንድ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ከማሰብ።

ካስተካከሉ በኋላ እንደገና አለማስነሳት

ኤፍፒኤም የቅንብር ፋይሎቹን የሚያነበው ሲነሳ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ላይ የምንጽፈውም ሆነ የምንሰርዘው ነገር፣ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም አይነካውም። ወጣቱ መስመሮቹን ካጠፋ በኋላ ገጹ የሠራለት ለዚህ ነው፤ ኤምቢስትሪንግ በማሽኑ ሚሞሪ ውስጥ እንደተጫነ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ቆየ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ተነሣ፣ ኤፍፒኤምም የተለወጠውን ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ፤ ገጹም ያን ጊዜ ወደቀ።

ይህ ስህተት ሥር የሚሰድበት ምክንያት አለው። በኡቡንቱ ላይ ኤክስቴንሽን በአፕት ስንጭን ጫኚው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሳልናል። እኛም ሁልጊዜ እንደዚያ የሚሆን ይመስለናል። ፋይሉን በእጃችን ስናርም ግን የሚያስነሳልን የለም። በኤፍፒኤም ከሆነ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ፒኤችፒ8.3-ኤፍፒኤም» ማለት ያስፈልጋል። ፒኤችፒ እንደ ኤንጂንኤክስ ገጽ በሚያቀርበው በአፓቼ ውስጥ ከተጫነ ደግሞ የሚነሳው አፓቼው ነው። በዊንዶውስ ላይ ዛምፕ የምትጠቀሙ ከመቆጣጠሪያው መስኮት አፓቼን አቁማችሁ መልሳችሁ አስነሱ፤ የድር ማሰሻውን መዝጋትና መክፈት ምንም አይለውጥም። ከማስነሳታችሁ በፊት «ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም8.3 -ቲ» ብትሉ ቅንብሩ የተበላሸ መሆን አለመሆኑን ይነግራችኋል።

አጥብቄ የምለምነው ይህን ነው፦ መብራት እየሄደ በሚመጣበት ከተማ ለውጥ ያደረገ ሰው ወንበሩ ላይ እንዳለ ራሱ ያስነሳ፤ ገጹንም ከፍቶ ይመልከት። እሱ ካላስነሳው እንግዳ ክፍል በሚያስይዝበት ሌሊት መብራት ያስነሳዋል።

ተርሚናሉን ጠይቆ የድረ ገጹን መልስ መጠበቅ

ከፔዳ ባጃጅ ይዤ ስደርስ ወጣቱ ቀድሞኝ ደርሷል። «ጋሼ፣ ኤምቢስትሪንግ እንዳይሆን ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ይኸው አለ» ብሎ ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ አሳየኝ። «ፒኤችፒ -ኤም» ብሎ ጽፎ በወጣው ዝርዝር ውስጥ ኤምቢስትሪንግ በግልጽ ይታያል። ልጁ አልዋሸም፤ የጠየቀው ግን ሌላውን ፒኤችፒ ነው።

በኡቡንቱ ላይ ኢቲሲ በተባለው ፎልደር ውስጥ «ፒኤችፒ»ን፣ በእሱም ውስጥ «8.3»ን ብትከፍቱ እንደጫናችሁት ዓይነት ሲኤልአይ፣ ኤፍፒኤም እና አፓቼ2 የሚባሉ ፎልደሮች ታገኛላችሁ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፒኤችፒ.ኢኒ፣ የራሳቸው ኮንፍ.ዲ አላቸው። ተርሚናሉ የሚያነበው የሲኤልአይን ነው፤ ድረ ገጹ የሚያነበው የኤፍፒኤምን ነው። ወጣቱ ያጠፋው በኤፍፒኤም በኩል ያለውን ብቻ ስለነበር ተርሚናሉ ምንም የጎደለበት ነገር የለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ድረ ገጹ ራሱ ነው። በድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ ፒኤችፒኢንፎ የሚለውን ፈንክሽን ብቻ የያዘች ትንሽ ፋይል አስቀምጡና በማሰሻ ክፈቷት። ከላይ የሚወጣው ሰንጠረዥ ላይ መጀመሪያ ስሪቱን ተመልከቱ። ቀጥሎ «ሰርቨር ኤፒአይ» የሚለውን፤ ኤፍፒኤም ወይስ አፓቼ መሆኑን ይነግራችኋል። ከዚያ «ሎድድ ኮንፊገሬሽን ፋይል» የሚለውን መስመር አንብቡ፤ ማረም ያለባችሁ ፋይል አድራሻው እዚያ ተጽፏል። በግምት ከፍታችሁ ያረማችሁት ፋይል ከዚያ የተለየ ከሆነ የደከማችሁት በከንቱ ነው። ያችን ፋይል በማረፊያዋ ሰርቨር ላይ ስንከፍት በረጅሙ ገጽ ውስጥ ኤምቢስትሪንግ የሚል ክፍል ጨርሶ አልነበረም። ልጁ አቀርቅሮ ትንሽ ቆየና «ለካ ሁለት ናቸው» አለ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር፦ «ሱዶ ፒኤችፒኤንሞድ ኤምቢስትሪንግ»፤ ከዚያ እንደተለመደው ኤፍፒኤምን እንደገና ማስነሳት። ይህ ትእዛዝ ኤክስቴንሽኑን በሁሉም በኩል ያበራል፤ ለአንዱ ብቻ ከተፈለገ «-ኤስ ኤፍፒኤም» ብሎ መለየት ይቻላል። እንዲህ ያለ መሣሪያ እያለ ኮንፍ.ዲ ውስጥ ገብቶ ፋይል በእጅ መሰረዝ አልወድም። እዚያ ያሉት ፋይሎች 10፣ 20 እያሉ በቁጥር የሚጀምሩት በምክንያት ነው፤ ማይኤስኪውኤልኤንዲ በ10 ቀድሞ ካልተጫነ በእሱ ላይ የሚቆመው ማይኤስኪውኤልአይ በ20 ሊነሣ አይችልም።

ሁለት ስሪት በአንድ ማሽን ላይ ሲኖር ነገሩ ይብሳል። አዲስ ፒኤችፒ የጨመረ ሰው ተርሚናሉ 8.3 ሲለው ደስ ይለዋል፤ ድረ ገጹ ግን በ8.1 እንደቀጠለ ሊሆን ይችላል። ለ8.3 የተጫነው ፓኬጅ ለ8.1 አይሆንም፤ ስሙ ውስጥ ቁጥሩን ጽፎ «ፒኤችፒ8.1-ኤምቢስትሪንግ» ብሎ መጫን ያስፈልጋል።

የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው። ከዋናው የፒኤችፒ ገጽ የሚወርደው ዚፕ ፒኤችፒ.ኢኒ የሚባል ፋይል የለውም፤ «ፒኤችፒ.ኢኒ-ዴቨሎፕመንት» እና «ፒኤችፒ.ኢኒ-ፕሮዳክሽን» የሚባሉ ሁለት ናሙናዎች ናቸው ያሉት። አንዱን ገልብጣችሁ ስሙን መለወጥ የእናንተ ሥራ ነው። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ ያስቀመጣችሁት ፋይል «ፒኤችፒ.ኢኒ.ቲኤክስቲ» ሆኖ ሊቀር ይችላል። ኤክስቴንሽኖቹ ያሉበትን ፎልደር የሚያመለክተው መስመርም ፊቱ ላይ ሴሚኮለን (;) ስላለበት አይሠራም፤ ሴሚኮለኑን አንሱለት።

ስህተቱን ከሰርቨሩ ሳይሆን ከኮዱ ማባረር

ይህ ከሁሉም የባሰው ነው፤ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

ወጣቱ የስህተት መልእክቱን አንብቦት ነበር። «ኤምቢ_ሰብስትር የሚባል ፈንክሽን አላውቅም» ይላል መልእክቱ። ኤክስቴንሽኑ በተርሚናሉ ላይ «አለ» ስላለው የመጣለት ሐሳብ ሌላ ነበር። «ኤምቢ_ የሚለውን ከፊቱ ባነሳውስ? ሰብስትር የሚባል አለ» አለኝ። እውነት ነው፣ አለ። ቢያነሳው ገጹ ወዲያው ይከፈት ነበር፤ እትዬም ተደስተው ያመሰግኑት ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሁለቱም ጽሑፍ የሚቆርጡ ናቸው፤ ሰብስትር ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ልዩነቱ አይታይም። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። «ባሕር ዳር» ለዓይን አምስት ፊደልና አንድ ክፍተት ነው። ርዝመቱን ኤምቢ_ስትርሌንን ብትጠይቁት 6 ይላችኋል፤ ስትርሌን 16 ይላችኋል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚቆጥሩት ነገር ይለያያል።

የማረፊያዋ ድረ ገጽ ለጀልባ ተሳፋሪ በምታትመው ትንሽ ወረቀት ላይ የመድረሻ ስም ከ12 እንዳይበልጥ ይቆረጣል። በደቅ ደሴት ላይ ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን «ናርጋ ሥላሴ»ን ውሰዱ። በኤምቢ_ሰብስትር ስድስት ፊደልና አንድ ክፍተት ስለሆነች ሙሉዋን ትታተማለች። በሰብስትር ከሆነ «ናርጋ» 9 ባይት ይወስዳል፣ ክፍተቱ 10ኛው ነው፤ ከ«ሥ» ሦስት ባይት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ገብተው ሦስተኛው ይቀራል። ወረቀቱ ላይ «ናርጋ» ከሚለው ቀጥሎ የሚወጣው ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ነው። የሥላሴ ስም በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ለምእመን ሲሰጥ ማየት አልፈልግም።

ጉዳቱ በዓይን በሚታየው ብቻ አያበቃም። የተሰበረ ፊደል ያለበትን ጽሑፍ ጄሰን_ኢንኮድ ብታደርጉት ጄሰን_ኢንኮድ ጽሑፉን ሳይሆን «ፎልስ» ይመልስላችኋል። ይህን ያላየ ኮድ ለስልክ መተግበሪያው ባዶ መልስ ይልካል፤ ሰውየው ጀልባ የለም ብሎ ይመለሳል። የተቆረጠው ስም በፋይል ከተቀመጠም የቀረው ባይት ከየትም ተመልሶ አይመጣም።

ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል። ዛሬ በአማርኛ ለሚሠራ ድረ ገጽ ኤምቢስትሪንግ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖር ግድ የለም የሚባል ነገር አይደለም። ከጎደለ ይጫን፤ ኮዱ አይነካ።

ቀኑን በእጅ ማስላት

ቀንን በየአገሩ ልማድ ስለሚጽፈው ኢንትል ስለሚባለው ኤክስቴንሽንም እንዲሁ እላለሁ። ጎድሎ ሲገኝ ብዙዎች «ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንስ» የሚል ኮድ በራሳቸው ይጽፋሉ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ማረፊያ ያለው ሰው ያን ቀን ሊስት አይችልም። ጥር 11 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ዋለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2016፣ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ስላለፈች ግን ጃንዋሪ 20 ነበር። «ጃንዋሪ 19» ብሎ በኮዱ ውስጥ የጻፈ ሰው በዚያ ዓመት የጥምቀትን እንግዳ በከተራ ዕለት መዝግቧል።

ኢንትል ይህን ያውቀዋል። ቀን ለሚያዘጋጀው ክላስ (ኢንትልዴትፎርማተር) ቋንቋውን «ኤኤም_ኢቲ»፣ ከእሱም ቀጥሎ ካሌንደሩን «ኢቲዮፒክ» ብላችሁ፣ ዓይነቱንም «ትራዲሽናል» ብትሉት መስከረምንና ጳጉሜን ራሱ ይጽፍላችኋል። በኡቡንቱ «ፒኤችፒ8.3-ኢንትል» መጫን ይበቃል። በዊንዶውስ አንድ ነገር አለ፦ ኢንትል ስማቸው በአይሲዩ በሚጀምር ሌሎች ፋይሎች ላይ ይደገፋል፤ እነሱም በዋናው የፒኤችፒ ፎልደር ውስጥ ናቸው። አፓቼ ያን ፎልደር ካላወቀው «የተጠቀሰው ሞጁል አልተገኘም» ይላል። ሰው የኢንትልን ፋይል ሄዶ ያያል፤ ቦታው ላይ አለ፤ ግራ ይጋባል። የጠፋው እሱ ሳይሆን የሚደገፍበት ነው። የፒኤችፒን ፎልደር በዊንዶውስ «ፓዝ» ውስጥ ጨምራችሁ አፓቼን አስነሱት።

በፍላሽ የመጣ ፋይል

ኢንተርኔት ሲደክም ወይም ሲቋረጥ ተማሪዎች ፋይል በፍላሽ ይለዋወጣሉ። መረዳዳቱ መልካም ነው። የኤክስቴንሽን ፋይል ግን እንደ ማስታወሻ ደብተር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለበጥ አይደለም። ለ8.1 የተሠራ ፋይል በ8.3 ላይ ሲቀመጥ «ሞጁሉ የተሠራው በኤፒአይ 20210902፣ ፒኤችፒ የተሠራው በኤፒአይ 20230831» የሚል መልእክት ይመጣል። እነዚህ ቁጥሮች ቀን ስለሚመስሉ ብዙ ሰው ያልፋቸዋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የ8.1፣ ሁለተኛው የ8.3 መታወቂያ ነው። ካልገጠሙ ምንም ብታደርጉ አይሠራም።

በዊንዶውስ ሦስት ነገር ሊገጥም ይገባል፦ ስሪቱ፣ 64 ወይም 32 ቢት መሆኑ፣ እንዲሁም «ትሬድ ሴፍ» መሆን አለመሆኑ። በአፓቼ ውስጥ ለሚጫን ፒኤችፒ ትሬድ ሴፍ የሆነው ነው የሚፈለገው። ሦስቱንም ፒኤችፒኢንፎ ይነግራችኋል። ኤክስቴንሽን በሰርቨሩ ልብ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፕሮግራም መሆኑንም አስቡ፤ ከማያውቁት ገጽ የወረደ ፋይል እዚያ ማስገባት የቤት ቁልፍን ለማያውቁት ሰው መስጠት ነው። በፍላሽ መለዋወጥ ካለባችሁ ሙሉውን የፒኤችፒ ዚፕ ከዋናው ገጽ አንድ ሰው ያውርድና እሱን ተቀባበሉ።

የሌለን ነገር መፈለግ

በቆየ ትምህርት የሚሠራ ሰው ለረጅም ሰዓት የሌለ ነገር ሲፈልግ አያለሁ። ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው፣ ማይኤስኪውኤል የሚባለው የድሮው ኤክስቴንሽን በፒኤችፒ 7.0 ወጥቷል፤ ያ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ምትኩ ማይኤስኪውኤልአይ ወይም ፒዲኦ ነው። መረጃን በምስጢር የሚጽፈው ኤምክሪፕት በ7.2 ወጥቷል፤ ሶዲየም ወይም ኦፕንኤስኤስኤል ይተካዋል። በዊንዶውስ «ጂዲ2» ይባል የነበረው የፎቶ ማስተካከያ ኤክስቴንሽን ከ8.0 ጀምሮ «ጂዲ» ብቻ ነው፤ ከድሮው ፒኤችፒ.ኢኒ የተገለበጠው መስመር የሚወድቀው በዚህ ነው። ጄሰን ከ8.0 ወዲህ አብሮ የተሠራ ስለሆነ አይጫንም። ስህተት መፈለጊያው ኤክስዲበግ ደግሞ የሚጠራው «ኤክስቴንሽን» በሚል መስመር ሳይሆን «ዜንድ_ኤክስቴንሽን» በሚል ነው።

ኮምፖዘርን ዝም ማሰኘት

ሌሎች የጻፉትን የፒኤችፒ ኮድ የሚያወርድልን ኮምፖዘር «ጂዲ ያስፈልጋል፣ በማሽንህ ላይ የለም» ብሎ ሲቆም «--ኢግኖር-ፕላትፎርም-ሪክስ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ሆኗል። መጫኑ ያልቃል፤ ገጹም ይከፈታል። የሚወድቀው አንድ የጀልባ ባለቤት የታንኳውን ፎቶ ሲያስገባ፣ ኮዱም ፎቶውን ሊያሳንስ ጂዲን ሲጠራ ነው። ያን ጊዜ እናንተ ማሽኑ አጠገብ የላችሁም።

ኮምፖዘር የሚሠራው በተርሚናል ስለሆነ የሚያየውም የሲኤልአይን ኤክስቴንሽኖች ነው። ኮምፖዘር «ሁሉ አለ» ብሎ ድረ ገጹ ላይ ሊጎድል ይችላል። በኮምፖዘር.ጄሰን ውስጥ «ፕላትፎርም-ቼክ» የሚለውን ቅንብር «ትሩ» ብታደርጉት ድረ ገጹ ራሱ ሲነሣ የጎደለውን ኤክስቴንሽን በስሙ ይነግራችኋል። ሳትነኩት ከተዋችሁት የሚያየው የፒኤችፒውን ስሪት ብቻ ነው።

ሁሉንም ማብራት፣ ያበሩትንም መርሳት

አንዱ ጎድሎ ስላስቸገረ በፒኤችፒ.ኢኒ ውስጥ ያለውን ሴሚኮለን ሁሉ ጠርጎ ማንሳት መፍትሔ አይደለም። ፋይላቸው የሌለ ኤክስቴንሽኖች ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፤ እውነተኛው ስህተት በመካከላቸው ይጠፋል። ኤክስዲበግን ሕዝብ በሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ አትተዉት፤ ስህተት ለመፈለግ የተሠራ ነው፣ ገጹንም ያዘገየዋል።

በዚያች ጠዋት ገጹ ከተከፈተ በኋላ እትዬ ቡና አቀረቡልን፤ የዘጌ ቡና ነው። ወጣቱ ስኒውን ሳያነሳ ወደ ተርሚናሉ ተመለሰና ፒኤችፒኢንፎ ያለባትን ትንሽ ፋይል አጠፋት። ያች ገጽ የሰርቨሩን ስሪት፣ የፎልደሮቹን አድራሻና ቅንብሩን በሙሉ ለማንም ታሳያለች። እኔ ሳልነግረው ነው ያጠፋት። ከዚያ ኤፍፒኤምን እንደገና አስነሳና፣ ገጹን በስልኩ ከፍቶ «ናርጋ ሥላሴ» የሚለው ሙሉውን መታየቱን አሳየኝ።